ልጅን ውጭ ማስተማር፤ ካናዳ ወይስ ጀርመን?

አይሱዙ ሊገዛ የተነሳ ነጋዴ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ገበያው ያውቀዋል። መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ሞተሩን ያስነሳል፤ ሊብሬውን ያስመረምራል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያጣራል፤ ከሁለትና ከሦስት ደላላ ጋር ይከራከራል። ይኸው ነጋዴ ግን የአይሱዙን ዋጋ የሚያስከነዳውን ግዢ፣ ማለትም የልጁን የውጭ አገር ትምህርት፣ «የእገሌ ልጅ ካናዳ ገባ» ሲባል በሰማው ወሬ ላይ ተመሥርቶ ሲፈጽም ይታያል።

የአገር ምርጫ የትምህርት ጥያቄ መሆኑ አይካድም። ከዚያ ባላነሰ ግን የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ነው። ገቢው በብር ለሆነ ቤተሰብ ሒሳቡ ተሠርቶ ሲታይ ደግሞ የሚያዋጣው አገር አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አዘውትሮ የሚጠራው አይደለም።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህን ያየ ወላጅ፣ አቅሙ ካለው፣ ዓይኑን ወደ ውጭ ማማተሩ አይፈረድበትም። በደርግ ዘመን ወጣቱ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ ሲላክ አገር የሚመርጠው መንግሥት፣ ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ አስተናጋጁ አገር ነበር። ዛሬ መራጩም ከፋዩም አባት ነው። የራሱን ኪስ የሚዳስስ ሰው ደግሞ ሒሳቡን ራሱ መሥራት ይኖርበታል።

ለንጽጽር ካናዳና ጀርመን የተወሰዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ተመራቂውን አገራቸው ውስጥ ሥራ እንዲፈልግ ይፈቅዱለታል። ለትምህርቱ የሚያስከፍሉበት መንገድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አንዱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሌላው ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል።

የካናዳ ዋጋ

የካናዳ ስታትስቲክስ መሥሪያ ቤት እንዳወጣው፣ በ2024/25 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን አንድ የውጭ አገር ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት የሚከፍለው አማካይ የትምህርት ክፍያ 40 ሺህ የካናዳ ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ላይ የመተዳደሪያ ገንዘብ ማረጋገጫ አለ። ለረጅም ዓመታት 10 ሺህ የካናዳ ዶላር የነበረው ይህ ማረጋገጫ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 20,635፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ወደ 22,895 ከፍ ብሏል። የራሷ ደንብ ካላት ኬቤክ በስተቀር የአንድ ብቸኛ ተማሪ መነሻ ይኸው ነው። የአውሮፕላን ቲኬት አልገባበትም።

ሁለቱ ሲደመሩ የአንደኛው ዓመት ሒሳብ ወደ 63 ሺህ የካናዳ ዶላር ይጠጋል። ምንዛሪው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለስሌት ያህል አንድ የካናዳ ዶላር በ110 ብር ቢታሰብ ወደ 6.9 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። አራት ዓመት ሲባዛ 27.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ክፍያው በየዓመቱ አይጨምርም፣ ብርም አይወርድም ተብሎ ሲታሰብ ነው። ሁለቱንም የሚያምን ነጋዴ ግን አይገኝም።

ከዩኒቨርሲቲ የረከሱ ኮሌጆች አሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ርካሹ ኮሌጅ የሚገዛው ለትምህርቱ ሳይሆን ከምርቃት በኋላ ለሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ነበር። ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለትምህርት ፈቃድ ያመለከቱ የኮሌጅ ተማሪዎች ግን ያንን የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የተማሩት ሙያ መንግሥት እጥረት አለባቸው ብሎ በዘረዘራቸው መስኮች ውስጥ መውደቅ አለበት። ባለ ዲግሪዎቹ ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ስለዚህ ርካሽ የተባለው ኮሌጅ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ትምህርት ከሆነ ስፔርፓርት እንደማይገኝለት መኪና ነው።

የጀርመን ዋጋ

በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አገር ተማሪም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። በየሴሚስተሩ የሚከፈለው መዋጮ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ በመቶዎች ዩሮ የሚቆጠር ነው። በብዙ ቦታም የከተማ ትራንስፖርትን ይጨምራል። ግን «ጀርመን ነፃ ነው» ብሎ ማጠቃለል ስሕተት ነው። የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ሀገር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024/25 እ.ኤ.አ. የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ እንደ ትምህርቱ ዓይነት ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ በሴሚስተር መጠየቅ ጀምሯል።

ዋናው ወጪ የመተዳደሪያው ነው። ተማሪው ቪዛ ከማግኘቱ በፊት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ከዚያ በወር 992 ዩሮ እየተለቀቀለት ኪራዩን፣ ምግቡንና የጤና መድኑን ይችላል። በ175 ብር ቢሰላ የዓመቱ ወደ 2.1 ሚሊዮን ብር ነው። ሙኒክ ለሚገባ ተማሪ 992 ዩሮ ጠባብ ነው፤ ላይፕሲሽን በመሰሉ የምሥራቅ ከተሞች ግን ሻል ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሊሰመርበት ይገባል። በካናዳም ሆነ በጀርመን የመተዳደሪያው ገንዘብ የተማሪው የራሱ ነው፤ ይበላዋል፣ ይኖርበታል። ያ 40 ሺህ የካናዳ ዶላር ግን ከእጅ የወጣ ዋጋ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ካዝና ገብቶ ይቀራል። የሁለቱ አገሮች ልዩነት ከሞላ ጎደል ያ ገንዘብ ነው።

ገቢ በብር፣ ወጪ በዶላር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ነሐሴ ሳያልቅ 100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ልጁን ካናዳ ሁለተኛ ዓመት ያደረሰ አባት የከፈለው የትምህርት ክፍያ በዶላር ሲታይ ያው ነው፤ በብር ሲታይ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ዋጋው አብሮ የጨመረለት ተቋቋመው። ኪራይ ሰብሳቢው አከራይና ደመወዝተኛው ግን ተንገዳገዱ።

አራት ዓመት የሚፈጅ ትምህርት በውጭ ምንዛሪ ልክፈል ብሎ የተነሳ ቤተሰብ ሳያውቀው አራት የውጭ ምንዛሪ ዕዳዎችን ፈርሟል ማለት ነው። አስመጪ አራት ዓመት በብድር ዕቃ ቢወስድና በየዓመቱ በዕለቱ ምንዛሪ እንዲከፍል ቢጠየቅ እንቅልፍ አይወስደውም። ልጁን ሲያስተምር ግን ይኸንኑ ውል ሳያነብ ይፈርማል።

የጀርመኑም ዕዳ ዕዳ ነው፤ መጠኑ ግን ያንሳል። ተማሪው ራሱም ሊያቃልለው ይችላል። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ የአገሪቱ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 13.90 ዩሮ ሆኗል። የተፈቀደውን ግማሽ ብቻ የሠራ ተማሪ ታክስና መዋጮ ሳይታሰብ በዓመት ወደ 7,800 ዩሮ ያገኛል፤ ይህም የመተዳደሪያውን ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። በካናዳ ከኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ወቅት በሳምንት 24 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ያ ገቢ ኪራይና ምግብ ያግዛል እንጂ 40 ሺሁን አይነካውም። ስለዚህ ብር ሲወርድ የጀርመኑ ተማሪ ተጨማሪ ሰዓት ይሠራል፤ የካናዳው ተማሪ አባት ግን ቤት ይሸጣል።

ሌላም ነገር አለ። የካናዳ መሥሪያ ቤት ከሚጠይቃቸው ማስረጃዎች አንዱ ያለፉት አራት ወራት የባንክ ሒሳብ መግለጫ ነው። የእኛ ነጋዴ ሀብቱ በመጋዘን፣ በሕንፃና በዱቤ ተበትኖ እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ለቪዛው ሲባል በአንድ ሳምንት ከዘመድ ተሰብስቦ የገባ ሚሊዮን ብር ደግሞ ለፋይል መርማሪው ከማሳመን ይልቅ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ከአፍሪካ የሚቀርቡ ማመልከቻዎች በብዛት ውድቅ መደረጋቸው በካናዳ ፓርላማ የኢሚግሬሽን ኮሚቴ ሳይቀር በ2022 እ.ኤ.አ. የተነሳ ጉዳይ ነው። በጀርመን በኩል ዝግ ሒሳቡ ገንዘቡን በዓይን ያሳያል። ጀርመን የሚኖር ዘመድ ካለ ደግሞ ወጪውን እችላለሁ ብሎ በአካባቢው የውጭ አገር ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቃል መግባት ይችላል። ይህ ግን ተራ ዋስትና አይደለም፤ ሕጋዊ ግዴታ ስለሆነ ፍራንክፈርት ያለውን አጎት «ፈርምልን» ከማለት በፊት ገቢው እንደሚፈቅድለት ማወቅ ይገባል።

ጊዜስ ስንት ያወጣል?

ጀርመን በገንዘብ ያላስከፈለችውን በጊዜ ታስከፍላለች። የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች በአብዛኛው በጀርመንኛ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡት የሚበዙት በማስተርስ ደረጃ ነው። የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ውጤት የያዘ ተማሪም በአብዛኛው በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። በቅድሚያ ሽቱዲየንኮሌግ በሚባለው መሰናዶ ሁለት ሴሚስተር ተምሮ የማጠቃለያ ፈተናውን ማለፍ አለበት። ወደ መሰናዶው ለመግባትም የመግቢያ ፈተናና መካከለኛ የጀርመንኛ ችሎታ ይጠየቃል። የማጠቃለያው ፈተና የሚደገመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላም በብዙ ቦታ አንድን የግዴታ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ያንን የትምህርት ዓይነት መቀጠል አይችልም። በሩ ነፃ ነው፤ ወንፊቱ ግን ጠባብ ነው።

የሆነ ሆኖ ጊዜውም ቢሆን ሲቆጠር እንደሚፈራው አይደለም። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ አንድ ዓመት መሰናዶ፣ ሦስት ዓመት ዲግሪ፤ በድምሩ አምስት ዓመት። የካናዳው ዲግሪ አራት ዓመት ነው። ልዩነቱ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቋንቋው ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ፣ በጎተ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌላ ትምህርት ቤት፣ በብር የሚከፈል ነው። ያ ዓመት የሙከራ ጊዜም ይሆናል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው ተነስቶ ጀርመንኛ ካጠና ውጭም ወጥቶ ይማራል። ካላጠና ደግሞ አባት የከሰረው የቋንቋውን ክፍያ ነው እንጂ ሰባት ሚሊዮን አይደለም። በንግድ ቋንቋ ናሙና ሳያዩ ኮንቴይነር አለማዘዝ ማለት ነው።

እንግዲህ ጀርመን የሚቆይባቸው አራት ዓመታት በ11,904 ዩሮ ቢባዙ 47,616 ዩሮ፣ ማለትም ወደ 8.3 ሚሊዮን ብር ይሆናሉ። የካናዳው 27.7 ሚሊዮን ነበር። አንድ ዓመት ለመቆጠብ የ19 ሚሊዮን ብር ልዩነት መክፈል የሚያዋጣው አዲስ ተመራቂ በአንድ ዓመት ያን ያህል የሚያገኝ ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ ተመራቂ ደግሞ በካናዳም የለም።

ደላላው የማይሸጠው ዕቃ

ታዲያ ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ገበያው ለምን ወደ ካናዳ ያዘነብላል? እንግሊዝኛው አንድ ምክንያት ነው። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን ያለው የአበሻ ብዛት ሌላው ነው። ብዙ የማይነገርለት ሦስተኛው ምክንያት ግን ኮሚሽን ነው።

ብዙ የካናዳ ኮሌጆችና አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ላመጣላቸው ወኪል ከመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ላይ በመቶኛ ይከፍላሉ። የትምህርት ክፍያ የማይሰበስብ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ኮሚሽን የሚከፍልበት ምንጭ የለውም። ስለዚህ አማካሪው ጠረጴዛ ላይ የካናዳ ብሮሹር ሲደረደር የጀርመኑ የማይገኘው በአማካሪው ክፋት አይደለም። ማንም ደላላ የማያተርፍበትን ቤት አያሳይም። አባትም የቤት ደላላን ሲያነጋግር ይህን ያውቃል፤ የትምህርት ደላላ ፊት ሲቀመጥ ነው የሚረሳው።

በጀርመን ማመልከቻው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ወይም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በሚጠቀሙበት ዩኒ አሲስት በኩል ይቀርባል። ዋጋው ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለየተጨማሪው 30 ዩሮ ነው። ለዚህ ሥራ መቶ ሺህ ብር የሚጠይቅ «አስጨራሽ» ቢመጣ የሚሸጠው ፎርም መሙላትን ብቻ ነው።

በሐሰተኛ ወረቀት የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ከኮሚሽኑ ይከፋል። በ2023 እ.ኤ.አ. በርካታ የሕንድ ተማሪዎች በወኪል የተሰጣቸው የካናዳ ትምህርት ቤት የቅበላ ደብዳቤ ሐሰተኛ ሆኖ በመገኘቱ ከአገር የመባረር ሥጋት ላይ ወድቀው ነበር። ከዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ የቅበላ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ጋር እየተመሳከረ ነው። ስለሆነም ወላጅ ለወኪል ከመክፈሉ በፊት ራሱ ለትምህርት ቤቱ ቢጽፍ የሚያወጣው ነገር የለም፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ዕቃው መርከብ ላይ ሳለ ቀረጡ ሲቀየር

አስመጪ ከሚፈራቸው ነገሮች ዋነኛው ዕቃው መንገድ ላይ እያለ ደንብ መቀየሩ ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በካናዳ የሆነው ይኸው ነው። በጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ለአዳዲስ የትምህርት ፈቃዶች ኮታ ተጣለ፤ የዚያ ዓመት ቁጥር ካለፈው በ35 በመቶ ገደማ እንዲቀንስ ታቀደ። አመልካቹ ከክፍለ ሀገሩ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣም ግዴታ ሆነ። የመተዳደሪያው ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ የኮሌጅ ተመራቂው የሥራ ፈቃድ ተገደበ። ለ2026 እ.ኤ.አ. የተያዘው ዕቅድ ደግሞ አዲስ የሚገቡ ተማሪዎችን ወደ 155 ሺህ ያወርዳቸዋል። ካናዳ ይህን ያደረገችው በቤት ኪራይ መናርና በሕዝብ ብዛት የተነሳ ነው። ለራሷ ልክ ልትሆን ትችላለች። ከአዲስ አበባ ለሚያየው ግን ሻጩ ውል ከተፈረመ በኋላ ዋጋ የሚቀይርበት ገበያ ሆኗል። ጀርመንም ብትሆን ለዘላለሙ አትለወጥም፤ የሙኒኩ ክፍያ ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። ለአሁኑ ግን የሠለጠነ ሰው የጎደላት አገር በመሆኗ ደንቧን እያላላች ነው። ለተመራቂ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ትሰጣለች፤ በሙያው ሁለት ዓመት የሠራ ተመራቂም ሌሎቹን መሥፈርቶች ካሟላ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል።

ለማን የቱ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካናዳ ለማንም አትሆንም ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ዲግሪውን እዚሁ የጨረሰና ማስተርስ የሚፈልግ ወጣት ሒሳቡ ሌላ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካናዳ የመንግሥት ትምህርት ተቋማት የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ከኮታው ውጭ ሆነዋል። የማስተርስ ተመራቂም ትምህርቱ ሁለት ዓመት ባይሞላ እንኳ የሦስት ዓመት የሥራ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። በምርምር ረዳትነት ወይም በስኮላርሺፕ ክፍያው ከተቃለለለት ካናዳ ጥሩ ግዢ ናት። ገቢው በዶላር የሆነ ላኪ ወይም ውጭ አገር የሚሠራ ወላጅም የብር ሥጋት የለበትም። ቋንቋ የማይዋጥለት ልጅ ደግሞ ጀርመን ቢላክ የሚተርፈው ሁለት የባከነ ዓመት ነው።

ገቢው በብር ለሆነውና ልጁ ገና 12ኛ ክፍልን ለጨረሰለት ነጋዴ ግን ጀርመን ትቀድማለች። ሊጠይቅ የሚገባውም «የቱ አገር ይሻላል?» ብሎ አይደለም። የሚበጁት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ብር በግማሽ ቢወርድ ሦስተኛውን ዓመት ከየት እከፍላለሁ? ቪዛ ቢከለከል ከከፈልኩት ምን ያህሉ ይመለሳል? ይህን አገር የመከረኝ ሰው ከማን ይከፈለዋል? እነዚህን ሦስቱን ሳይመልስ ቤቱን ለሽያጭ ያወጣ አባት፣ ልጁ ከመመረቁ በፊት ዋጋውን ይማራል።